ከአካውንቲንግ ወደ አይቲ ሙያ መሻገር፦ ጎንደር ላለ የሂሳብ ባለሙያ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ በሂሳብ ሥራ ላይ ቢያንስ አንድ ሁለት ዓመት ለቆየ፣ ኤክሴልና ፒችትሪ ለሚያውቅ፣ አሁን ወደ አይቲ መግባት ለሚፈልግ ሰው ነው። ኮርስ ጀምረው የሚያቋርጡ አካውንታንቶች የሚሰናከሉት ብዙውን ጊዜ በሦስት ነገር ነው። የያዙትን ሙያ ጥለው ከባዶ ይነሣሉ፤ ትምህርቱን በሂሳብ መዝጊያ ሰሞን ይጀምራሉ፤ ቪዲዮውን አይተው ይጨርሱና በእጃቸው የሚያሳዩት ሥራ አይኖራቸውም። ከታች ያለው ቅደም ተከተል የተሠራው እነዚህን ሦስቱን ለማለፍ ነው። ደረጃ አይዝለሉ፤ በተለይ 3ኛውን።

ደረጃ 1፦ አንድ በር ይምረጡ

አይቲ የብዙ ሙያ መጠሪያ ነው። ለአካውንታንት የሚቀርቡት በሮች አራት ናቸው።

የኢአርፒ ባለሙያ፦ ግዢ፣ መጋዘን፣ ሽያጭና ሂሳብ በአንድ ላይ የሚመሩበትን ሶፍትዌር መትከል፣ ለድርጅቱ እንዲስማማ ማስተካከል፣ ሠራተኛውን ማሠልጠን። ኦዱ፣ ኢአርፒኔክስት፣ ሳፕና ኦራክል ከዚህ ወገን ናቸው። እዚህ የሚፈለገው «ዕቃው መጋዘን ገብቶ ኢንቮይሱ ሳይመጣ ወሩ ቢዘጋ ምን ይመዘገባል?» ሲባል ሳያመነታ የሚመልስ ሰው ነው። እርስዎ ይመልሱታል፤ አዲስ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቸገራል። የትኛውን እንደሚመርጡ ካልታየዎት ይህንን ይያዙ።

ዳታ ተንታኝ፦ ኤስኪውኤል (ዳታቤዝ የሚጠየቅበት ቋንቋ)፣ ኤክሴልና ፓወር ቢአይ (ሪፖርትና ቻርት መሥሪያ ፕሮግራም)። ሪፖርት ማውጣት የሚወድ፣ ቁጥር አልገጥም ሲል እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ይስማማዋል።

የሲስተም ኦዲተር፦ ኦዲት ሠርተው ለሚያውቁ ነው። የሙያው የታወቀ ሰርተፍኬት ሲሳ ይባላል፤ ፈተናው 150 ጥያቄ በ4 ሰዓት ነው፣ ማለፊያውም ከ800 ላይ 450። ሰርተፍኬቱን በእጅ ለማስገባት የ5 ዓመት ተዛማጅ የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ ትምህርት ከዚህ የተወሰነውን ያካክሳል። ፈተናውን ቀድሞ ወስዶ ልምዱን በኋላ ማሟላት ይቻላል። ክፍያው በዶላር ስለሆነ መጀመሪያ የሚገዙት ነገር ይህ አይሁን።

ፕሮግራመር፦ ረጅሙ መንገድ። የሂሳብ ልምድዎ የሚረዳዎት የሂሳብ ሶፍትዌር የሚሠራ ቡድን ውስጥ ከገቡ ብቻ ነው። ኮድ መጻፍ ራሱ የሚያስደስትዎት ካልሆነ አይምረጡት።

ማስጠንቀቂያ፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የአይቲ መደብ ላይ የትምህርት ዝግጅቱ በማስታወቂያው ተለይቶ ይጻፋል። በአካውንቲንግ ዲግሪ ካመለከቱ፣ ችሎታዎ ምንም ያህል ቢሆን፣ የመጀመሪያው ማጣሪያ ላይ ይወድቃሉ። ዓላማዎ ይህ ከሆነ ሁለተኛ ዲግሪ ወይም ሁለተኛ የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልግዎታል። በቅድሚያ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ሄደው ስለ ማታና ቅዳሜ እሑድ ፕሮግራም፣ የአካውንቲንግ ምሩቅን ስለ መቀበላቸውም ይጠይቁ። የግል ኮሌጅ ከሆነ ብር ከመክፈልዎ በፊት ፕሮግራሙ፣ ያውም በዚያው ካምፓስ፣ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና እንዳለው ያረጋግጡ። ኮሌጁ ዕውቅና አለው ማለት ፕሮግራሙ ሁሉ ዕውቅና አለው ማለት አይደለም።

ባንክ የሚሠሩ ከሆነ መንገድዎ አጭር ነው፤ የውስጥ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ይከታተሉ። ግን የባንኮች የአይቲ ክፍል በአብዛኛው አዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ከጎንደር መነሣት ይችሉ እንደሆነ ከቤተሰብዎ ጋር አሁን ይነጋገሩ፤ ፈተና ካለፉ በኋላ መነጋገር ይዘገያል።

ደረጃ 2፦ ዝግጅት

ቀን መቁጠሪያውን ይያዙ

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የ«ሀ» ደረጃ ግብር ከፋይ ዓመታዊ ግብሩን የሚያሳውቀው እስከ ጥቅምት 30 ነው። በእነዚህ አራት ወራት አዲስ ትምህርት አይጀምሩ፤ ሐምሌ ላይ የተጀመረ ኮርስ ነሐሴ ላይ ይሞታል።

ኅዳር 1 ይጀምሩ። ከዚያ እስከ ሰኔ 30 ድረስ 34 ሳምንት አለ። እንዲህ ይከፋፍሉት፦ ለኤስኪውኤል 8፣ ለፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ) 10፣ ለኢአርፒ 6፣ ለማሳያ ሥራ 8 ሳምንት። የቀሩት 2 ሳምንታት ለገናና ለጥምቀት ናቸው። ከከተራ ጀምሮ ጎንደር ላይ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፣ መንገዱም ይዘጋል፤ «በዓሉ ላይ ዕረፍት ስለሆንኩ በደንብ አጠናለሁ» የሚለው ዕቅድ አይሠራም። አስቀድመው ባዶ ይተዉት።

በሳምንት 10 ሰዓት ይበቃል፤ አራት ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቅዳሜ አራት ሰዓት። ደመወዝ በሚሠራበትና ቫት በሚታወቅበት ሰሞን አዲስ ነገር አይጀምሩ፤ በእነዚያ ቀናት የድሮውን ብቻ ይከልሱ።

ላፕቶፕ

ዝቅተኛው 8 ጊጋባይት ራም፣ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ነው። 4 ጊጋባይት ራም ያለውን በርካሽ አይግዙ፤ ደረጃ 5 ላይ ያቆምዎታል። ከዚህ በላይ ለሚያንጸባርቅ ማሽን ገንዘብ ማፍሰስም አያስፈልግም።

ያገለገለ ከገዙ ሻጩ ፊት ሦስት ነገር ይፈትሹ። አንደኛ፣ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተው የባትሪ ሪፖርት የሚያወጣውን የዊንዶውስ ትእዛዝ (powercfg /batteryreport) ያስኪዱ፤ ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረው አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘው ጎን ለጎን ይታያል። የአሁኑ ከግማሽ በታች ከሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራዎ ይቆማል፤ ወይ ዋጋው ይቀነስ፣ ወይ ይተዉት። ሁለተኛ፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም የዲስኩን ጤና ይዩ። ሦስተኛ፣ ኪቦርዱን ኖትፓድ ላይ ቁልፍ በቁልፍ ይንኩ።

ኢንተርኔት

ኢንተርኔት ሊቋረጥ ይችላል ብለው ይዘጋጁ። ትምህርቱን በቀጥታ እያዩ መማር ውድም ነው፤ የሚቆራረጥም ነው። የሌሊት ጥቅል ገዝተው የሳምንቱን ቪዲዮ በ480 ጥራት ያውርዱ፤ ለሚጻፍ ኮድ ከዚህ በላይ ጥራት አይፈልግም። የፓይተንን ሙሉ ሰነድ ከድረ ገጹ በአንድ ፋይል ያውርዱ፤ የሌሎቹን ማጣቀሻ ደግሞ ዴቭዶክስ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ «ከመስመር ውጭ» በሚለው ያስቀምጡ። የኮድዎን የለውጥ ታሪክ ጊት በሚባለው ፕሮግራም ይያዙ፤ ጊት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ መስመር ሲመለስ ብቻ ኮድ ወደሚቀመጥበት ድረ ገጽ፣ ወደ ጊትሐብ ይልካሉ።

ነጻ ኮርስ አለ፤ ውድ ሥልጠና አይግዙ። ሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብር የፕሮግራሚንግና የዳታ ሳይንስ መሠረታዊ ኮርስ በነጻ ከሰርተፍኬት ጋር ይሰጣል። ፍሪኮድካምፕ የሚባለው የኮርስ ድረ ገጽም ነጻ ነው። አንዱን ይያዙና ይጨርሱ። ሦስት ኮርስ መሐል ለመሐል የያዘ ሰው አንዱንም አይጨርስም።

ደረጃ 3፦ ኤስኪውኤል — የራስዎን ሌጀር ይገንቡ (8 ሳምንት)

ብዙዎች በፓይተን ወይም በድረ ገጽ ሥራ ይጀምሩና ይሰለቻሉ። አካውንታንት መጀመር ያለበት በዳታቤዝ ነው፤ ምክንያቱም ጆርናልና ሌጀር ድሮውንም ዳታቤዝ ናቸው። የሚማሩት አዲስ ቋንቋውን ብቻ ነው፤ ነገሩን ያውቁታል።

1. ዲቢ ብራውዘር ፎር ኤስኪውላይት የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ይጫኑ። ኤስኪውላይት ሰርቨር አይፈልግም፤ ሙሉው ዳታቤዝ አንድ ፋይል ነው፣ በፍላሽ ይገለበጣል።

2. ሦስት ሠንጠረዥ ይፍጠሩ። የመጀመሪያው የአካውንቶች ዝርዝር ነው፦ ኮድ፣ ስም፣ ዓይነት። ሁለተኛው የጆርናል ራስጌ፦ ቁጥር፣ ቀን፣ መግለጫ። ሦስተኛው የጆርናል መስመሮች፦ የጆርናል ቁጥር፣ የአካውንት ኮድ፣ ደቢት፣ ክሬዲት። የሠንጠረዥና የዓምድ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ባዶ ቦታ ይጻፉ።

3. ብርን በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ያስቀምጡ። 1,250.75 ብር 125075 ሆኖ ይገባል። ኤስኪውላይት ትክክለኛ የአስርዮሽ ዓይነት የለውም፤ ነጥብ ያለው ቁጥር ካስገቡ ድምሩ ከሳንቲም ባነሰ ስብርባሪ ሊዛነፍ ይችላል፣ እኩል መሆን ያለባቸው ደቢትና ክሬዲትም እኩል አይደሉም ሊባሉ ይችላሉ። ያንን ልዩነት መፈለግ ምን እንደሚመስል ለአካውንታንት አይነገርም።

4. ቀንን በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ዓመት-ወር-ቀን አድርገው ያስገቡ። የኢትዮጵያ ቀን ለማሳየት ብቻ ይለወጣል። ሐምሌ 1 ሁልጊዜ ጁላይ 8 ነው። መስከረም 1 ግን ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ይሆናል፤ ስለዚህ «7 ዓመት ቀንሼ አገኘዋለሁ» የሚል ቀመር አይጻፉ። ወራትን በ12 የወሰነ ኮድም ጳጉሜን ላይ ይሰበራል።

5. ቅዳሜ ገበያ ላይ ያለ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያስቡና 20 ግብይት ያስገቡ። ባለቤቱ 300,000 ብር ካፒታል አስገባ። ኪራይ ከፈለ። ሲሚንቶ በዱቤ ገዛ። 11,500 ብር በጥሬ ገንዘብ ሸጠ፤ ከዚህ ውስጥ 10,000 ሽያጭ፣ 1,500 ደግሞ ቫት ነው። እያንዳንዱን መስመር በእጅ ያስገቡ፤ እጅ ሲለምደው ቋንቋው ይያዛል።

6. በየአስር ደቂቃው ለውጡን ይጻፉ። ዲቢ ብራውዘር «ለውጦችን ጻፍ» የሚለውን እስኪጫኑ ድረስ ያስገቡት በፋይሉ ውስጥ አይቀመጥም። መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ከተዘጋ ከመጨረሻው ጽሕፈት በኋላ ያለው ሁሉ ይሄዳል።

7. የመጀመሪያ ጥያቄዎ ይህ ይሁን፦ የደቢት ድምርና የክሬዲት ድምር በእያንዳንዱ ጆርናል ቁጥር እኩል ነው? የማይገጥሙትን ብቻ እንዲያወጣ በግሩፕ ባይ (GROUP BY፣ መሰብሰቢያ) እና በሃቪንግ (HAVING፣ የተሰበሰበውን ማጣሪያ) ይጻፉት።

8. አሁን ትራያል ባላንስ ያውጡ። አካውንቶችን ከመስመሮች ጋር ያገናኙ፣ በአካውንት ኮድ ይሰብስቡ፣ ደቢት ሲቀነስ ክሬዲት ያሳዩ።

ትራያል ባላንሱ ሲበላሽ

አንዳንድ አካውንት ከዝርዝሩ ጠፋ፦ ተራውን ጆይን (JOIN፣ ሠንጠረዦችን ማገናኛ) ተጠቅመዋል፤ እንቅስቃሴ የሌለውን አካውንት ይጥላል። ሌፍት ጆይን ያድርጉት።

ሌፍት ጆይን አድርጌም ጠፋ፦ የቀን ገደቡን ዌር (WHERE፣ ማጣሪያ) ውስጥ አስገብተውታል። በሐምሌ ምንም ያልነካው አካውንት የቀን ዓምዱ ባዶ ነው፤ ዌር ባዶውን ያጣራዋል። የቀን ገደቡን ወደ ኦን (ON፣ የማገናኛ ሁኔታው) ያዛውሩት። መስመሩና ራስጌው በተለያየ ሠንጠረዥ ስለሆኑ በመጀመሪያ ሁለቱን በንዑስ ጥያቄ አገናኝተው፣ በቀን ገድበው፣ ከዚያ ከአካውንቶች ጋር ያገናኟቸው። ይህ ስህተት ልምድ ያለውንም ሰው ይጥላል፤ ቃለ መጠይቅ ላይም ይጠየቃል።

ቀሪ ሂሳቡ ባዶ ሆኖ ወጣ፦ ምንም የሌለው ድምር ዜሮ ሳይሆን ባዶ ይመልሳል። በኮአለስ (COALESCE) ወደ ዜሮ ይለውጡ።

ቁጥሩ እጥፍ ሆነ፦ መስመሮቹን ከሌላ ብዙ ረድፍ ካለው ሠንጠረዥ ጋር አገናኝተዋል፤ አንዱ መስመር ሁለት ሦስት ጊዜ ተባዝቷል። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ለየብቻ ይደምሩ፣ ከዚያ ያገናኙ።

ከዚህ ደረጃ የሚያልፉት ትራያል ባላንስ፣ የደንበኞች ዕዳ በዕድሜ (30፣ 60፣ 90 ቀን) እና የወር ቫት ማጠቃለያን ምንም ሳያዩ መጻፍ ሲችሉ ነው። ካልቻሉ ሁለት ሳምንት ይጨምሩ፤ ፓይተን አይሸሽም።

ደረጃ 4፦ ፓይተን — የባንክ ሪኮንሲሌሽን (10 ሳምንት)

የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት ለመሠረቱ ያውሉ፦ ተለዋዋጭ፣ ዝርዝር፣ ዲክሽነሪ፣ ኢፍ፣ ሉፕ፣ ፈንክሽን፣ ፋይል ማንበብ። ጨዋታ በመሥራት ጊዜ አያጥፉ። በቀሪው ስድስት ሳምንት ይህን ይሥሩ፦ የባንክ ስቴትመንትና የካሽ ቡክ ፋይል ተቀብሎ የገጠመውን፣ በካሽ ቡክ ብቻ ያለውን፣ በባንክ ብቻ ያለውን ለይቶ የሚያወጣ ፕሮግራም።

ፋይሉን ሲያነቡ

የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር 10 አሃዝ ነው፤ ብዙ ጊዜ በዜሮ ይጀምራል። ኤክሴልም ፓንዳስም (የፓይተን የሠንጠረዥ መሣሪያ) ቁጥር ነው ብለው ዜሮዎቹን ይበሏቸዋል፤ ከዚያ ምንም ነገር አይገጥምም። ሲያነቡ «ጽሑፍ ነው» ብለው ይንገሩት። የቼክ ቁጥርም እንደዚያው።

አማርኛው በኤክሴል ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ከሆነ ፋይሉ አልተበላሸም። በሁለት ጠቅታ አይክፈቱት፤ ኤክሴል ውስጥ ሆነው «ዳታ» ከሚለው፣ ከጽሑፍ ፋይል አስገባ ብለው፣ ዩቲኤፍ-8 ይምረጡ። አበላሽተው ከፍተው ሴቭ ካደረጉት ግን አማርኛው ላይመለስ ይችላል፤ ስለዚህ ዋናውን ፋይል ሁልጊዜ ሳይነኩ ያስቀምጡ።

ስም

በስም አያዛምዱ። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ»፣ «ሐይሉ» ለሰው አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሦስት ደንበኛ። በስም ማዛመድ ግድ ከሆነ አስቀድሞ ሐ፣ ኀ እና ኃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚለውጥ ፈንክሽን ይጻፉ። የሌሎቹን ድምፆች ሆሄያትም አይርሱ፤ ሠ ብቻ ሳይሆን ሡ፣ ሢ፣ ሣ እያሉ እስከ ሦ ይቀጥላሉ። የተስተካከለውን ለማዛመድ ብቻ ይጠቀሙበት፤ ሪፖርቱ ላይ የሰውዬው ስም እንደጻፈው ይውጣ።

ማዛመድ

በገንዘብ መጠን ብቻ ካገናኙ የሚከተለው ይደርሳል። በካሽ ቡክ ሁለት የ5,000 ብር ቼክ አለ፤ በባንክም ሁለት የ5,000 ብር ክፍያ አለ። የመጀመሪያው ከሁለቱም ጋር ይገጥማል፣ ሁለተኛውም ከሁለቱም ጋር፤ 2 መሆን የነበረበት 4 ረድፍ ይሆናል። 10,000 ብሩ 20,000 ሆኖ ይደመራል። መፍትሔው ተራ ቁጥር መስጠት ነው፤ በሁለቱም ፋይል እኩል መጠን ያላቸውን በቀን ደርድረው 1፣ 2፣ 3 ይበሏቸው፣ ከዚያ በመጠኑ እና በተራ ቁጥሩ ያገናኙ።

ከዚህ በፊት ግን በቼክ ቁጥር የሚገጥመውን ያውጡ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በቼክ ቁጥርና በመጠን፤ የቀረውን በመጠንና በተመሳሳይ ቀን፤ የቀረውን በመጠንና በጥቂት ቀን ልዩነት። የገጠመውን እየነቀሉ ይሂዱ። የባንክ አገልግሎት ክፍያና ወለድ በካሽ ቡክ ስለማይኖሩ ለብቻ ይመዝገቡ። በመጨረሻ የተስተካከለው የባንክ ቀሪና የተስተካከለው የካሽ ቡክ ቀሪ እኩል መሆኑን ፕሮግራሙ ራሱ ይፈትሽ፤ ካልገጠመ ልዩነቱን በግልጽ ያሳይ።

ሳንቲም

ፓይተን ላይ 0.1 ሲደመር 0.2 ብለው ይሞክሩት፤ 0.30000000000000004 ይመልሳል። ለገንዘብ ዴሲማል የሚባለውን ዓይነት ይጠቀሙ፤ ቁጥሩንም በትእምርተ ጥቅስ፣ እንደ ጽሑፍ ይስጡት። ያለ ጥቅስ ከሰጡት ስህተቱ ተያይዞ ይገባል።

ፔይሮል ከጨመሩ

የጡረታ መዋጮው ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። መጠኑንም የገቢ ግብር እርከኑንም ኮድ ውስጥ አይጻፉ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ የሚገልጽ የቀን ዓምድ ባለው ሠንጠረዥ ያስቀምጡ። ከግብር ነጻ የሆነው ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል ኮዱ ውስጥ 600 ብሎ የጻፈ ሰው ፕሮግራሙን መክፈት ነበረበት፤ በሠንጠረዥ የያዘ አንድ ረድፍ ጨምሮ ወጣ። የድሮው ወር ደመወዝም በድሮው ሕግ እንደተሠራ ይቆያል።

ደረጃ 5፦ ኢአርፒ (6 ሳምንት)

ዳታ ተንታኝነትን የመረጠ ይህን ትቶ ፓወር ቢአይ ይያዝ። አንድ ነገር ብቻ ይወቅ፦ የዴስክቶፑ ፕሮግራም ነጻ ነው፣ የሚሠራው ግን በዊንዶውስ ብቻ ነው፤ ወደ ኢንተርኔት አገልግሎቱ ለመግባት ደግሞ የጂሜይል አድራሻ አይቀበልም፣ የድርጅት ወይም የትምህርት ቤት ኢሜይል ይፈልጋል። ከሌለዎት ፋይሉንና ፒዲኤፉን ጊትሐብ ላይ ያስቀምጡ፤ ይበቃል።

ኢአርፒ ለመረጠ፦

1. ዊንዶውስ ከሆነ የኦዱን ነጻ እትም ይጫኑ። ጫኙ ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ አብሮ ያስገባል። በመጀመሪያ ሲከፈት የሚያሳይዎትን ዋና የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ በኋላ ዳታቤዝ ባክአፕ ለማድረግና ለመመለስ ይጠይቅዎታል።

2. ምንም ሳይመዘግቡ አገሩን ኢትዮጵያ ያድርጉና የኢትዮጵያን የሂሳብ መደብ ዝርዝር ይምረጡ። አንድ ጆርናል ከተመዘገበ በኋላ መለወጥ አይፈቅድም፤ ዳታቤዙን ጥለው አዲስ መክፈት ነው።

3. የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ጁላይ 7 ይሁን። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፤ የዓመቱ ሪፖርት በዲሴምበር ይቆረጥና ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ይጠፋል።

4. አንድ ዕቃ ከግዢ ትእዛዝ፣ መጋዘን መግባት፣ የአቅራቢ ቢል፣ ሽያጭ፣ መጋዘን መውጣት፣ ገንዘብ መሰብሰብ ድረስ ይውሰዱት። በየደረጃው የትኛው አካውንት እንደተነካ በእጅዎ ቲ-አካውንት ይሥሩ።

5. ስህተት ሆን ብለው ይሥሩ። ከገዙት በላይ ይሽጡ፤ የተመለሰ ዕቃ ያስገቡ፤ የተሳሳተ ቢል ይሰርዙ። ደንበኛ የሚደውለው እንደዚህ ዓይነት ቀን ነው።

የኦዱ ነጻ እትም የሂሳብ ክፍሉ በአብዛኛው በኢንቮይስና በክፍያ ይወሰናል፤ የሀብትና ዕዳ መግለጫ የመሰሉ ሪፖርቶች በሚከፈልበት እትም ናቸው። ሙሉ ሂሳብ በነጻ የሚፈልግ ኢአርፒኔክስት ይጠቀም። እሱ የሚመቸው በሊኑክስ ላይ ነው፤ በ8 ጊጋባይት ዊንዶውስ ላይ በዶከር (ፕሮግራምን ከነሚያስፈልገው ሁሉ አሽጎ የሚያስኬድ መሣሪያ) ሲያስኪዱ ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ይዝጉ።

ደረጃ 6፦ የሚታይ ሥራ (8 ሳምንት)

የመሥሪያ ቤትዎን ዳታ አይንኩ። የደንበኛ ስም ቀይሬዋለሁ፣ ቁጥሩን ቀይሬዋለሁ ቢሉም አይሆንም፤ ሥራም ያሳጣል፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ዳታውን በፓይተን ራስዎ ይፍጠሩ፤ 5,000 መስመር ሐሰተኛ ሽያጭ መፍጠር ጥሩ ልምምድ ነው።

ከዚያ አንድ እውነተኛ ተጠቃሚ ያግኙ። አራዳም ሆነ አዘዞ የሚያውቁት ሱቅ፣ መድኃኒት ቤት፣ ፔንሲዮን አይጠፋም። የመድኃኒት ቤት ባለቤት «በሦስት ወር ውስጥ ጊዜው የሚያልፍበት መድኃኒት የትኛው ነው?» ሲሉ በአንድ ጠቅታ የሚመልስ ነገር ይሥሩላቸው። ሁለት ነገር በቅድሚያ ይስማሙ፦ የታክስ ደረሰኛቸውና የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያቸው እንደነበረ ይቀጥላል፣ የእርስዎ ፕሮግራም እሱን አይተካም። ለመጀመሪያው ወር ደግሞ የወረቀት መዝገቡ ጎን ለጎን ይያዛል። ሁለቱ በየሳምንቱ ቅዳሜ ይመሳከሩ፤ ልዩነቱ የሚገኘው እዚያ ነው፣ የሚማሩትም እዚያ ነው።

ጊትሐብ ላይ ሦስት ሥራ ይበቃል፦ ሌጀሩ፣ ሪኮንሲሌሽኑ፣ የሱቁ ሥራ ያለ ሱቁ ዳታ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ገጽ ጽሑፍ ያስቀምጡ፤ ችግሩ ምን ነበር፣ እንዴት ፈታሁት፣ ምን አይሠራም። «ምን አይሠራም» የሚለውን አይዝለሉት፤ ቀጣሪ የሚያምነው እሱን ሲያነብ ነው።

ደረጃ 7፦ ማመልከት

ሲቪው ላይ የሂሳብ ልምዱን ወደ ታች አይደብቁ። «3 ዓመት አካውንታንት፤ ደመወዝ፣ ቫት፣ የባንክ ሪኮንሲሌሽን» የሚለውን ከላይ ያድርጉና ከሥሩ በኤስኪውኤልና በፓይተን የሠሩትን ያያይዙ። «ጁኒየር ፕሮግራመር» ብቻ ብለው ከቀረቡ የሚወዳደሩት ከአዲስ ምሩቅ ጋር ነው፤ «ሂሳብ የሚያውቅ የኢአርፒ ባለሙያ» ብለው ከቀረቡ ተወዳዳሪው ያንሳል።

ቃለ መጠይቁ ላይ ስክሪን ከፍተው ትራያል ባላንሱን ከባዶ ለመጻፍ ይዘጋጁ። ኢንተርኔት ሊጠፋ ስለሚችል ሁሉም ነገር ላፕቶፕዎ ላይ ያለ መስመር ይሥራ። በርቀት የሚደረግ ከሆነ የስልክ ሆትስፖት በሌላ ሲም ተጠባባቂ ያድርጉ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን።

መመዝገቢያ፣ የሥልጠና ወይም «የዋስትና» ብር በቴሌብር ላክ የሚል ቀጣሪ ቀጣሪ አይደለም። መታወቂያዎንና የትምህርት ማስረጃዎን ፎቶም አይላኩለት።

ካልተጠሩ፦ አሥር አመልክተው አንድም ካልጠራ ችግሩ ሲቪው ነው፣ ይጻፉት እንደገና። ተጠርተው ከወደቁ ችግሩ ደረጃ 3 ነው፤ የተጠየቁትን ዕለቱን ወረቀት ላይ አስፍረው ወደዚያ ይመለሱ።

ደረጃ 8፦ ሥራ መልቀቅ

የተፈረመ የቅጥር ውል በእጅዎ ሳይገባ አይልቀቁ። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ጊዜ አዲሱ አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብትዎት ይችላል። የስድስት ወር የቤት ወጪ ሳይዙ አይነሡ።

የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጣል። ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት አስገብተው ቅጂው ላይ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። የመንግሥት ሠራተኛ የሚመራው በሌላ አዋጅ ስለሆነ የሰው ሀብት ክፍሉን ይጠይቅ።

ሂሳብ ሠራተኛ እንደሌላው ሠራተኛ ቁልፍ አስረክቦ አይወጣም። ርክክቡን እንዲህ ያድርጉ፦

1. ርክክብ ከመጀመሩ በፊት ባንኩን እስከ መጨረሻው ወር ያስታርቁ።
2. ጥሬ ገንዘቡና ፔቲ ካሹ በተረካቢውና በአንድ ምስክር ፊት ይቆጠር፤ ሦስቱም ይፈርሙ።
3. ያልተጠቀሙባቸውን ቼኮች፣ ደረሰኞችና ቫውቸሮች ከቁጥር እስከ ቁጥር ብለው ይዘርዝሩ። «አንድ ጥራዝ» ብሎ መጻፍ አይበቃም።
4. በስምዎ ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ ካለ ያወራርዱ።
5. የባንክ ፈራሚ ከሆኑ ስምዎ መሰረዙን የሚገልጸው ደብዳቤ ለባንኩ መድረሱን ያረጋግጡ።
6. የግብር ማሳወቂያ ሲስተሙና የፒችትሪው የይለፍ ቃል በተረካቢው ይለወጥ፤ እርስዎ እያዩ።
7. የሥራ ልምድ ማስረጃና ክሊራንስ ይውሰዱ፤ ያልተጠቀሙበት የዓመት ዕረፍት ካለ ይጠይቁ።
8. ተያዥ ጠርተው ከነበረ ዋስትናው የወረደበትን ደብዳቤ ይቀበሉና ቅጂውን ለዋሱ ይስጡ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ኦዲት ሲመጣ የሚጠራው ዋሱ ነው።

የርክክቡን ሰነድ እያንዳንዱን ገጽ በሁለት ቅጂ ያስፈርሙ። አንዱን ቤትዎ፣ ከትምህርት ማስረጃዎ ጋር ያስቀምጡት።